የጋሽ ከተማ ባዶ እግር

ሰው ጡረታ ሲወጣ ነገሩ ሁሉ ይገለጥለታል ይባላል። እኔ ላይ ጭራሽ ተምታቶብኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ኪቦርድ ስጫወት ኖሬ፣ ግማሹን እዚሁ ጁባ ጨርሼ፣ ይኸው አንድ ቀላል ጥያቄ መመለስ አቅቶኝ ተቀምጫለሁ። ዘፈናችን የት ላይ ነው የሚጀምረው? ዘፈናችን የምለው አምስት ጓደኛሞች ሆነን የሠራነውን፣ የማንም ያልሆነውን፣ ሀይ ማላካል የሚባለው ሰፈር ባለው ሆቴላችን "የቦዳቦዳው" እየተባለ የሚጠየቀውን ነው። ስንት ዓመት ተጫውቼዋለሁ። እጄ ያውቀዋል፤ እኔ ግን አላውቀውም።

ያቆምኩት በጆሮዬ ምክንያት ነው። ሁልጊዜ ከድራሙ በስተቀኝ ስለምቆም የግራ ጆሮዬ ሲምባሉን፣ የድራሙን የብረት ሳህን፣ ጠጥቶ ጠጥቶ ደከመ። ሐኪሙ ወይ ሥራህን ወይ ጆሮህን ምረጥ አለኝ። ጆሮዬን መረጥኩ፤ ጆሮ ይዤ ያለ ሥራ ምን እንደማደርግበት ግን አልነገረኝም። እና እጽፋለሁ።

ጁባ መጀመሪያ የገባሁት ሀይ ጀላባ ሰፈር ላለ አንድ የአበሻ ሆቴል ተቀጥሬ ነበር። ባለቤቱ ሙዚቃ አይወድም፤ ባንድ ያለው ሆቴል መባል ግን ይወዳል። ሰው ሲበዛ "ቀንሱ፣ ደንበኛ ሊያወራበት ነው" ይላል፤ ሰው ሲጠፋ "ጨምሩ፣ መንገድ ያለው ይስማ" ይላል። ስለ ደሞዙና ስለ መኖሪያ ፈቃዱ ምልልስ ባላነሳ ይሻላል፤ ያየ ያውቀዋል። እዚያ የምንጫወተው ያው የሰው ዘፈን ነው፤ ያገር ቤቱን ለአበሻው፣ የኮንጎውን ለሌላው፣ እንግሊዝኛውን ለነጮቹ። ጥሩ ነገር አገኘሁበት ካልኩ ጋሽ ከተማን ነው።

ጋሽ ከተማ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው። ወጣትነቱን በወታደር ሙዚቃ ክፍል ጨርሶ፣ ብዙ ባንድ አፍርሶ ብዙ ባንድ ሠርቶ የመጣ ሰው ነው። እኔን ሲቀበለኝ ተጫወት እንኳ አላለኝም። "ና እስቲ እንሂድ" ብሎ እስከ ገበያው ድረስ አብረን በእግር ሄድን፤ ስንመለስ "ደህና ትራመዳለህ፣ ትሆናለህ" አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም። ጁባ ላይ የቤዝ ክር እንደልብ አይገኝም፤ ስለዚህ ክሩ ሲደነዝዝበት አውልቆ በሆቴሉ ድስት ይቀቅለዋል። ቅባቱ ለቆ፣ ደርቆ ሲታሰር ድምፁ እንደ አዲስ ይጮሃል። ወጥ ሠሪዋ በየጊዜው ትሰድበዋለች፤ እሱ ደግሞ በየጊዜው ጨው ጨምሪበት ይላታል።

ዋናው አመሉ ግን ጫማው ነው። መጫወት ከመጀመሩ በፊት የግራ እግሩን ጫማና ካልሲ ያወልቃል። ቤዝ በጆሮ አይሰማም፣ በመሬት ነው የሚሰማው ይላል። ያ ባዶ እግር ምቱን እየያዘ ከፍ ዝቅ ሲል ይታያል። ደግሞ በልምምድ ላይ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ብሎ የሚቆጥር ሰው ካገኘ ይቆጣል። ቁጥሩን ለባንክ ቤት ተውት ይላል። ታዲያ በምን እንጀምር ሲሉት ትንፋሹን ስቦ ያሳያል፤ በዚያ ነው የምንጀምረው።

በኋላ ሁለታችንም ወደ ሀይ ማላካል፣ ወደ ማዘር ሆቴል ተዛወርን። ማዘር የምንላት ወይዘሮ ጸዳለን ነው፤ አንድ ልጇን ሜሮንን ይዛ መጥታ ከሻይ ቤት ተነስታ ባለ አዳራሽ የሆነች ሴት ናት። ኃይለኛ ናት፤ ግን ሙዚቀኛ ሳይበላ መድረክ አታስወጣም። ሌሎቹን ሦስት ጓደኞቻችንን ያገኘነው እዚያ ነው።

ጋትሉዋክ ኑዌር ነው፤ ጋምቤላ አድጎ፣ እዚያው ተምሮ የተመለሰ። አማርኛው ከእኔ ይሻላል፤ ሲናደድ ብቻ በኑዌርኛ ነው የሚናደደው። ዘፋኛችን እሱ ነው። ላዶ የባሪ ብሔር ሰው ነው፣ የጁባው ካቶር ሰፈር ልጅ፤ ካቶር ባለች ቤተ ክርስቲያን ከበሮ እየመታ አድጎ ድራም ላይ የተቀመጠ። ጀማል ደግሞ የጅማ ልጅ ነው፤ ሀይ ጀላባ ጨርቅ ይሸጣል፣ ማታ ሊድ ጊታር ይጫወታል። ልጅነቱን ያሳለፈው መንዙማ ሲባል እያጨበጨበ ነው፤ ጊታሩን ሲነካው ጭብጨባ ይመስላል። እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ስመታ ያደግሁ ነኝ። ጋሽ ከተማ ማርሽ ሲመታ ያደገ ነው። እንግዲህ አስቡት።

የቦዳቦዳውን ዘፈን ይዞት የመጣው ጋትሉዋክ ነው። ቦዳቦዳ የሚባለው የሞተር ታክሲ ነጂ ልጅቷን አሳፍሮ መንገዱን ሆን ብሎ ያስረዝመዋል፤ ግጥሙ ይኸው ነው፣ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ የጁባ አረብኛ። ዜማውን በኪቦርድ ላግኘው ብዬ ተቸገርኩ። ቅኝቱ ትዝታ ነው ስል ወደ ባቲ ይሄድብኛል፤ ባቲ ነው ብዬ ስከተለው አንዷን ድምፅ እኔ ቤት በሌለችበት ቦታ ያስቀምጣታል፣ ከሁለት ቁልፍ መሀል። በመጨረሻ በዚያች ቦታ ላይ ጣቴን ማንሳት ጀመርኩ። ዝም ስል እሱ ይሞላዋል። ተስማማ። ላዶ ከሥር ገባ፣ ጀማል መሀል መሀሉን ጠቀጠቀ፣ ጋሽ ከተማ መሬቱን አነጠፈው። እንዴት እንደተስማማ አትጠይቁኝ፤ እኛም አልጠየቅንም። ጥፋታችንም ይሁን ጽድቃችን እሱ ነው፣ አለመጠየቃችን።

ሜሮን ልታገባ ሆነ። የምታገባው ዴንግን ነው፣ የቦር ልጅ፣ ዲንካ። ማዘር ልጁን ትወደዋለች፤ የፈራችው ዘመዱን ነው፣ ወይም የራሷን ዘመድ። ሁለት ወገን በአንድ አዳራሽ ተቀምጦ እንዳይተያይ ትፈራለች። ያበሻ ዘፈን ሲከፈት ያኛው ይቀመጣል፤ የነሱ ሲከፈት የኛው ይቀመጣል። ይህንን በብዙ ሠርግ አይታዋለች። እና ጠራችንና የቦዳቦዳውን ለሠርጉ እንድናዘጋጅ ለመነችን፤ ሁለቱም ወገን አብሮ ሲነሳለት ያየችው ዘፈን እሱ ብቻ ነው። ዲጄ ይቅጠሩ የሚሏትም ነበሩ፤ እሷ ግን በእኛ ላይ ቆረጠች።

እኛም ተኩራራን። እንዲያውም ለሙሽሮቹ ቀድተን እንስጣቸው ብለን ካቶር ወዳለ አንድ ስቱዲዮ ሄድን። የስቱዲዮው ልጅ ኡጋንዳዊ ነው፣ ትሁት ነው። ቀረጻውን ከማሽኑ ምት ጋር ላገናኘው፣ አንዱ፣ የመጀመሪያው ምት፣ የት እንደሆነ ቁጠሩልኝ አለ። ጋትሉዋክ ዜማውን ያዘ፣ እኛም "አንድ" በሚባልበት ቦታ እንድናጨበጭብ ተነገረን።

አምስታችንም በተለያየ ቦታ አጨበጨብን።

መጀመሪያ ሳቅን። ደገምነው። እንደገና አምስት ቦታ። የኔ "አንድ" ለላዶ መሀል ነው፤ የላዶ "አንድ" ለጀማል ገና ትንፋሽ ነው፤ ጋትሉዋክ ደግሞ ጭራሽ ዘፈኑ ከተጀመረ በኋላ ነው "አንድ" የሚለው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲባል ጋሽ ከተማ እጁን አጣምሮ ከእንግዲህ አላጨበጭብም አለ። ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንጫወት እያንዳንዳችን ሌላ ዘፈን ስንጫወት ኖረናል ማለት ነው? ልጁ ግራ ገብቶት አየን። እኛም እርስ በርስ ተያየን። ከዚያ ልንጫወተው ብንሞክር እምቢ አለን። እንዴት ነው የምትውጠው ተብሎ የተጠየቀ ሰው ምራቁ ትን ይለዋል፤ እንደዚያ ሆንን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭቅጭቅ ሆነ። እኔ ምቱ ቺክቺካ ነው፣ ከበሮው የሚወድቅበት ቦታ ይታወቃል አልኩ። ላዶ የትኛው ከበሮ አለኝ። ጀማል እጅ ውሸት አይናገርም፣ የኔ ነው ልኩ አለ። ጋትሉዋክ ዘፈኑ የኔ ነው ብሎ በኑዌርኛ ቀጠለ። ጋሽ ከተማን ፍረድ ስንለው ክሩን ሊቀቅል ወጥ ቤት ገባ። ሠርጉ ሲቀርብ ጨነቀንና በኔ ቁጥር ተስማማን፤ ተስማማን ማለት እነሱ ዝም አሉ ማለት ነው።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ማዘር ዲኮር የሚሠሩ ሰዎች አስመጥታ አዳራሹን ሙሽራ አስመስላዋለች። ሁልጊዜ የምንቆምባት ጥግ ቀርታ ረጅም መድረክ ተሠርቶልናል፤ ከፊታችን እስከ ወገባችን የሚደርስ ነጭ ጨርቅና አበባ ተደርድሯል። በአንድ መስመር፣ ፊታችንን ወደ ሰው አድርገን እንድንቆም ተነገረን። የዲኮር ኃላፊዋ ጋሽ ከተማ ጫማውን ሲያወልቅ አየችና ቪዲዮ አለ ብላ ለመነችው። ለማዘር ክብር ብሎ ጫማውን መልሶ አደረገው።

ሙሽሮቹ ወደ መሀል ወጡ። ጋትሉዋክ ትንፋሹን ሳበ፣ እኔ በሆዴ ቆጠርኩ፣ ገባን። የመጀመሪያው ቤት እንደምንም ሄደ። ሁለተኛው ላይ የላዶ ትልቁ ከበሮ ያልጠበቅሁት ቦታ ወደቀ። እሱን ላርም ስል ጀማል ጠፋኝ። ጋትሉዋክ እኛን ሲጠብቅ፣ እኛ እሱን ስንጠብቅ ዜማው ተበጠሰ። እንደገና ልንይዘው ሞከርን፣ ባሰበት። ቆምን። ዳንስ ሊጀምሩ እጅ ለእጅ የተያያዙት ሙሽሮች ባሉበት ቀሩ። የዴንግ አክስቶች ሊነሱ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ነበር፤ መልሰው ተቀመጡ። የኛ ዘመዶች አንገታቸውን ደፉ። አንድ ሰው ስልኩን ከድምፅ ማጉያው አገናኝቶ የሆነ ዘፈን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ አዳራሹ ለሁለት ተከፍሎ ዋለ።

ማዘር አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ዕቃ ስንሰበስብ መጣችና "ታደለ፣ ልጄን መሀል ሜዳ አቆማችኋት" አለችኝ። ለመልሱ ዲጄ እንደተጠራ፣ ከወሩ መጨረሻ በኋላም ባንድ እንደማትፈልግ ከገንዘብ ተቀባይዋ ሰማን።

በማግስቱ መልሱ ገና ነበር። የምንለማመድባት የሆቴሉ መጋዘን ተሰበሰብን፤ ልምምድ ሳይሆን ለመለያየት ነው። ላዶ "ኸላስ፣ በቃ" ብሎ ዱላዎቹን ቦርሳው ውስጥ ከቷል። ጀማል ወደ ሱቁ ሊሄድ ቁልፉን በእጁ ያገላብጣል። እኔ ጥፋተኛው ስቱዲዮው ነው እላለሁ። የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጠን፣ ማንም ማንንም ላለማየት እየሞከረ፣ ግን መጋዘኗ ጠባብ ስለሆነች ተፋጠን። በዚህ መሀል ጄኔሬተሩ ቆመ፣ ማራገቢያው ቆመ። ሙቀቱ እንደ ብርድ ልብስ ወደቀብን። ጋትሉዋክ ከመበሳጨቱ የተነሳ ያንን ዜማ በአፍንጫው ያዘ። ላዶ ሳያስበው የተቀመጠበትን ሳጥን መታ። ጀማል ቁልፉን አቃጨለ። እኔ ጭኔን መታሁ። ጋሽ ከተማ ጫማውን አወለቀ።

ዘፈኑ እዚያው ነበር። ሙሉውን ሄድንበት፣ አንድም ቦታ ሳይሰበር። ሲያልቅ እኔማ እንባዬ መጣ፣ ላቤ ነው ብዬ ጠረግሁት።

ጋሽ ከተማ ያኔ ነው የጠየቀው። "ታደለ፣ አሁን ስትጫወት ምን ነበር የምታየው?"

እግርህን ነዋ አልኩት። ሁልጊዜ የማየው የሱን ባዶ እግር ነው፤ እሱ ሲወርድ እኔ እወርዳለሁ።

"እኔ የላዶን ትከሻ ነው የማየው" አለ።

ላዶ ደነገጠ። እሱ የሚያየው የጋትሉዋክን ደረት ነው፣ ትንፋሽ የሚስብበትን። ጋትሉዋክ ሲዘፍን ዓይኑ የጀማል ጣት ላይ ነው። ጀማል ራሱን እየነቀነቀ አንገቱን ወደ እኔ አዞረ። እሱ የሚያየው እኔን ነው፤ አንገቴን ስነቀንቅ።

እኔ የጋሽ ከተማን፣ ጋሽ ከተማ የላዶን፣ ላዶ የጋትሉዋክን፣ ጋትሉዋክ የጀማልን፣ ጀማል የኔን። ታዲያ "አንድ"ን የያዘው ማነው? ማንም። ወይ ሁላችንም፤ እንጃልኝ። ይህን ሳስበው ራሴ ይዞራል። እኔ ጋሽ ከተማ ያውቀዋል ብዬ ነው የኖርኩት። ሠርጉ ላይ እርስ በርስ እንዳንተያይ በመስመር አቁመውን፣ እግሩንም በጫማ ሸፍነውብን፣ እኛ ደግሞ ጥፋቱን ቁጥር ውስጥ ስንፈልግ ነበር።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፣ ሄጄ ማዘር እግር ላይ ወደቅሁ። እምቢ አለች። ሁለተኛ አልዋረድም አለች። ያስጣለችን ሜሮን ናት፤ "እማዬ፣ እነሱ ካልተጫወቱ እኮ ከእነ ዴንግ ቤት ማንም ከእኛ ጋር አይነሳም" አለቻት። ማዘር ለእኔ ሳትመልስልኝ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ያ ፈቃድ ነው፤ አመሏን አውቀዋለሁ።

መልሱ በሆቴሉ ግቢ ነበር፣ ዛፉ ሥር። ዲጄው ሁለቱን ወገን ተራ በተራ ሲያስነሳና ሲያስቀምጥ ቆይቶ ዕረፍት ወጣ። እኛ ዕቃችንን ተሸክመን ግቢው መሀል አስቀመጥንና ክብ ሠርተን፣ ፊት ለፊት ተያይተን፣ ለሰው ጀርባችንን ሰጥተን ተቀመጥን። ግቢው አጉረመረመ። በዘመድ ፊት፣ ያውም በመልስ ቀን፣ ለሽማግሌ ጀርባ መስጠት! ማዘር ደረቷን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ጋሽ ከተማ በአንድ እግሩ ጫማ እየሄደ የኛን ሽማግሎች አንድ በአንድ ጎንበስ እያለ ይቅርታ ጠየቀ። ላዶ ደግሞ ወደ ዴንግ አጎት ሄዶ በጁባ አረብኛ፣ ጀርባችንን ብንሰጥ በንቀት አይደለም አላቸው። ሽማግሌው ግራ ገባቸው። ከዚያ ሳቁ። ላዶ ሲመለስ ምን አሉ አልነው።

"ከበሮ መሀል ካልሆነ ታዲያ የት ሊሆን ኖሯል? ነው የሚሉት። እነሱ ቤት ሰው ነው ከበሮውን የሚዞረው።"

ጋትሉዋክ ትንፋሹን ሳበ።

ከኋላዬ የሆነውን እኔ አላየሁም፤ ዓይኔ የጋሽ ከተማ እግር ላይ ነበር። የሰማሁት ግን የመሬቱን ድምፅ ነው። መጀመሪያ በአንድ በኩል የዝላይ ድምፅ፣ ከዚያ የእልልታ፣ ከዚያ በሌላው በኩል የኛ ሴቶች ጭብጨባ፣ ከዚያ የቱ የማን እንደሆነ የማይለይ። አቧራው አንቆን ነበር። ቀና ስል የዴንግ አክስቶችና የማዘር እህቶች በአንድ ክብ ዙሪያችንን ይዞራሉ፤ እነዚያ ይዘላሉ፣ እነዚህ እስክስታ ይወርዳሉ። ማንም "አንድ" ላይ አልተገናኘም። ማንም ግን አልወጣም። ሜሮን እናቷን ጎትታ አስገባቻት። ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይኸው ነው። ማዘር በአጠገቤ ስታልፍ በላብ የረጠበ እጇን አናቴ ላይ አሳረፈችና ዲኮሩ ነው ያባከነኝ አለችኝ። ባንዱም ሳይበተን እዚያው ሆቴሉ ቆየ።

እንግዲህ እኔ ነኝ የወጣሁት። በቦታዬ ሕይወት የምትባል ጎበዝ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥታለች፤ ሙዚቃ ተምራለች፣ ያቺን ከሁለት ቁልፍ መሀል ያለች ድምፅ በማሽኑ አጣማ ታወጣታለች። ዘፈኑ የት ይጀምራል ስትለኝ ቁጥሩን ተይው፣ የጋሽ ከተማን እግር እይ አልኳት። እሺ አለች። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ቢኖረኝ በሰጠኋት።

ባለፈው ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ጋር ተቀምጬ ሰማኋቸው። ማዘር ራሷ ወንበር ስባ ከዓምዱ አጠገብ አስቀመጠችኝ። ክብ ሠርተው ጀመሩ፣ ያኔ የጀመርነው ዛሬም የሆቴሉ ልማድ ነው። በአንድ ጆሮዬ ስሰማው ሌላ ዘፈን ሆነብኝ፤ ባዕድ ሆነብኝ፣ ከፋኝም። ልውጣ ብዬ ስነሳ ጀማልን አየሁት። ሕይወት አጠገቡ ቆማ እየተጫወተች፣ እሱ አንገቱን አጣሞ በሰው መሀል አሻግሮ የሚያየው እኔን ነው። ሳያውቀው ነው፤ ልማድ ነው። እኔ ደግሞ አንገቴን መነቅነቅ ትቼ ለመሄድ ስነሳ ጣቱ ግራ ሲገባው አየሁ፤ ጋትሉዋክ ወደ እሱ ዞር አለ፣ ላዶ ወደ ጋትሉዋክ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። በሰዎቹ እግር መሀል የጋሽ ከተማን ባዶ እግር ፈልጌ አገኘሁት። አንገቴም መነቅነቅ ጀመረ። ማዘር ዞር ብላ ምን ሆነህ ነው አለችኝ፤ እኔ ግን ጎንበስ ብዬ የግራ ጫማዬን እየፈታሁ ነበር።